ብስክሌት ወይስ ሞተር? የኤሌክትሪክ ብስክሌት በሕዝብ ዱካዎች ላይ የሚመራባቸው ደንቦች፦ ዳሰሳ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ቢባልም የኤሌክትሪክ ብስክሌትን ስም ያወጡለት ሕግ አውጪዎች ናቸው፤ እነሱም እስካሁን በአንድ ስም አልተስማሙም። ፔዳል ያለውና በነጂው እግር የሚዘወር በመሆኑ ብስክሌት ነው የሚሉ አሉ፤ በባትሪ የሚሠራ ሞተር ስለተገጠመለት የሞተር ተሽከርካሪ ነው የሚሉም አሉ። ክርክሩ የቃላት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ሊተው ይችል ነበር። ነገር ግን በደን፣ በወንዝ ዳርና በፓርክ ውስጥ የተዘረጉት የሕዝብ ዱካዎች፣ ማለትም ለመኪና ያልተሠሩት የእግረኛ፣ የብስክሌትና የፈረስ መንገዶች፣ ለረጅም ዘመን የተጠበቁት «ሞተር ያለው ተሽከርካሪ መግባት ክልክል ነው» በሚል አጭር ደንብ ስለሆነ፣ ለዕቃው የሚሰጠው ስም ዕቃው የሚገባበትንና የማይገባበትን በር ይወስናል።

በልዩ ልዩ አገሮች የወጡት ደንቦች ሲመረመሩ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን ለመመለስ የሚሞክሩ ሆነው ይገኛሉ። የመጀመሪያው ዕቃው ምንድን ነው የሚለው፣ ሁለተኛው ዱካው ለማን ተሠራ የሚለው፣ ሦስተኛው ደግሞ ነጂው እንዴት ይንዳ የሚለው ነው። አብዛኛው ውዝግብ የሚነሣው ለአንዱ የተሰጠው መልስ ለሌሎቹም ያገለግላል ተብሎ ሲታሰብ መሆኑን ይህ ዳሰሳ ያሳያል። ዓመታቱ በሙሉ በእ.ኤ.አ. የተቆጠሩ ናቸው።

የዕቃው ትርጓሜ

የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሞተር ኃይል የሚሰጠው በሁለት መንገድ ነው። በመጀመሪያው መንገድ ፔዳሉ አጠገብ የተገጠመ መለኪያ የነጂውን እግር እንቅስቃሴ ወይም የሚያሳርፈውን ጉልበት ይለካና ሞተሩ በዚያው መጠን እንዲያግዝ ያዛል፤ እግር ሲያርፍ ሞተሩም ያርፋል። በሁለተኛው መንገድ ነጂው እንደ ሞተር ሳይክል በመሪው እጀታ ላይ ያለውን የኃይል መስጫ ይጠመዝዛል ወይም ይጫናል፤ ብስክሌቱም ፔዳል ሳይመታ ይሄዳል። ላይ ላዩን ሲታይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ኋላ የተጻፉት የዱካ ደንቦች በሙሉ ማለት ይቻላል የተመሠረቱት በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

በአሜሪካ የመጀመሪያው የፌዴራል ትርጓሜ የወጣው በ2002 ሲሆን፣ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ሕግ ተሻሽሎ የሚሠራ ፔዳል ያለው፣ የሞተሩ ጉልበት ከ750 ዋት ያነሰና 77 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ሰው ተቀምጦበት በደልዳላ መንገድ ላይ በሞተር ብቻ ሲሄድ ፍጥነቱ በሰዓት 20 ማይል ወይም 32 ኪሎ ሜትር የማይደርስ ዕቃ በብስክሌትነት እንዲታይ ተደረገ። ይህ ሕግ የሚናገረው ስለ ሽያጭና ስለ ምርት ደኅንነት እንጂ ዕቃው የት ይነዳ ስለሚለው ስላልነበረ፣ የመንገዱ ጉዳይ ለክፍላተ ግዛቶች ተተወ፤ እነሱም ለዓመታት እርስ በርሱ የማይጣጣም ደንብ ሲያወጡ ቆዩ።

መልክ የያዘው የምድብ አሠራር በሰፊው የታወቀው ካሊፎርኒያ በ2015 አጽድቃ በ2016 መጀመሪያ ላይ ሥራ ላይ ካዋለችው በኋላ ነው። በዚህ አሠራር 1ኛ ምድብ የሚባለው ፔዳል ሲመታ ብቻ የሚያግዝና በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ላይ ማገዙን የሚያቆም ነው፤ 2ኛ ምድብ የእጅ የኃይል መስጫ ኖሮት በዚያው ፍጥነት የሚገታ ነው፤ 3ኛ ምድብ ደግሞ ፔዳል ሲመታ ብቻ እያገዘ በሰዓት እስከ 28 ማይል ወይም 45 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ነው። አምራቹ ምድቡን፣ የፍጥነት ጣሪያውንና የሞተሩን ዋት የሚናገር ምልክት በብስክሌቱ አካል ላይ እንዲለጥፍ ይገደዳል። ብዙ ክፍላተ ግዛቶች ይህንኑ ተከትለዋል፤ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችም የምድቦቹን ቋንቋ ወርሰዋል።

አውሮፓ በበኩሉ ጠበብ ያለ በር መረጠ። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ባወጣው መመሪያና በኋላም በ2013 ባጸደቀው 168/2013 በተባለው ደንብ መሠረት፣ የሞተሩ የዘወትር ጉልበት ከ250 ዋት የማይበልጥ፣ ፔዳል ሲመታ ብቻ የሚያግዝና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ማገዙን የሚያቆም ዕቃ ከሞተር ተሽከርካሪ ፈቃድ ነጻ ሆኖ እንደ ብስክሌት ይቆጠራል። ከዚያ አልፎ በሰዓት እስከ 45 ኪሎ ሜትር የሚያግዘው «ፈጣን ፔዴሌክ» ግን ከትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ጋር ተመድቧል። ስለዚህ በአሜሪካ ሱቅ በብስክሌትነት የሚሸጥ የ2ኛ ወይም የ3ኛ ምድብ ዕቃ የአትላንቲክን ውቅያኖስ ተሻግሮ አምስተርዳም ወይም በርሊን ሲደርስ ሰሌዳ የሚጠየቅበት ሞተር ሆኖ ይገኛል።

እዚህ ላይ ስለ ዋት ቁጥር አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በአውሮፓ ሕግ የሚጻፈው የዘወትር ጉልበት ነው፤ ይህም ሞተሩ ከመጠን በላይ ሳይግል ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችለው ኃይል ማለት ነው። ዳገት ሲመጣ ግን ባለ 250 ዋት ሞተር ለጥቂት ጊዜ ከዚያ እጥፍ በላይ ሊሰጥ ስለሚችል፣ በወረቀት ላይ ያለው ቁጥር በዳገቱ ላይ ከሚታየው ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ከዋት ይልቅ ፍጥነት የተሻለ የአደጋ መለኪያ የሚሆነውም ስለዚህ ነው። ግጭት የሚያደርሰው ጉልበት በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ፣ አንድ ሰው በዚያው ብስክሌት ላይ ተቀምጦ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የሚይዘው ጉልበት በ32 ሲሄድ ከሚይዘው እጥፍ ያህል፣ በ25 ሲሄድ ከሚይዘው ደግሞ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው።

አንድ የሕዝብ መሬት፣ ብዙ ባለቤት

በአሜሪካ የፌዴራል መሬቶች ላይ ያለው ሁኔታ የደንብ ልዩነት ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል ከሁሉ አጉልቶ ያሳያል። በ1964 የወጣው የድንግል ምድር ሕግ በሕጉ በተከለሉት ቦታዎች ውስጥ ሞተር ብቻ ሳይሆን ማንኛውም መካኒካዊ ማጓጓዣ እንዳይገባ ስለሚከለክል፣ በእነዚህ ቦታዎች ተራ ብስክሌትም አይፈቀድም፤ ስለዚህም ክርክር የለም። ክርክሩ የሚጀምረው ተራ ብስክሌት በሚፈቀድባቸው ቦታዎች ላይ ነው።

የአገሪቱ የደን አገልግሎት፣ በ2005 በወጣው የጉዞ አስተዳደር ደንብ መሠረት፣ የኤሌክትሪክ ብስክሌትን በሞተር ተሽከርካሪነት ያየዋል። ስለሆነም ዕቃው ያለ ተጨማሪ ውሳኔ የሚገባው ለሞተር ክፍት በሆኑት መንገዶችና 60,000 ማይል ያህል በሚሆኑት የሞተር ዱካዎች ላይ ነው፤ እነዚህም ከአገልግሎቱ ዱካዎች 38 በመቶ ያህሉን ይይዛሉ። አገልግሎቱ በ2022 መመሪያውን ሲያሻሽልም ትርጓሜውን አልለወጠም፤ የየአካባቢው ኃላፊዎች ሕዝብን አማክረውና የአካባቢ ተጽዕኖን መርምረው ሌሎች ዱካዎችን ለተወሰነ ምድብ የሚከፍቱበትን ሥርዓት ብቻ ዘረጋ።

በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር ያሉት መሥሪያ ቤቶች የሄዱበት መንገድ ሌላ ነው። ሚኒስትሩ ዴቪድ በርንሃርት በነሐሴ 2019 መጨረሻ ባወጡት 3376ኛ ትእዛዝ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ተራ ብስክሌት በሚሄድበት ሁሉ እንዲሄድ አዘዙ፤ በ2020 መገባደጃ ላይም ትእዛዙ በመደበኛ ደንብ ተተካ። የብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ደንብ ሥልጣኑን ለየፓርኩ የበላይ ኃላፊ ሰጠ፤ ኃላፊው ተራ ብስክሌት በሚፈቀድበት መንገድ ላይ ሁሉንም ምድቦች ወይም የተወሰኑትን ሊፈቅድ፣ ሊገድብ ወይም ሊከለክል ይችላል። ደንቡ ለሞተር ተሽከርካሪ ክፍት ካልሆነ መንገድ ላይ ፔዳል ሳይመቱ ለረጅም ጊዜ በሞተር ብቻ መሄድንም ይከለክላል፤ ሆኖም ዛፍ ሥር የቆመ ጠባቂ የሚያልፈው ነጂ እግሩን ያሳረፈው ከአፍታ በፊት ይሁን ከአንድ ኪሎ ሜትር በፊት የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው፣ ይህ ድንጋጌ ከነጂው ኅሊና በቀር ሌላ አስፈጻሚ አላገኘም።

የመሬት አስተዳደር ቢሮ በተመሳሳይ ጊዜ ያወጣው ደንብ ደግሞ በሁለቱ መካከል የቆመ ነው። በዚህ ደንብ የኤሌክትሪክ ብስክሌት የአካባቢው ኃላፊ በጽሑፍ ካልወሰነ በቀር ከመንገድ ውጪ የሚሄድ የሞተር ተሽከርካሪ ሆኖ ይቆያል፤ ኃላፊው ሲወስን ግን ለዚያ ዱካ ብቻ ብስክሌት ይሆናል። እንግዲህ በምዕራብ አሜሪካ ተራሮች ላይ የሦስቱን መሥሪያ ቤቶች ወሰን የሚያቋርጥ ነጂ፣ ከኮርቻው ሳይወርድ በአንድ ቀን የሞተር ነጂ፣ የብስክሌት ነጂና ገና ያልተወሰነለት ሰው ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ አካሄድ ያለ ተቃውሞ አላለፈም። የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበራት ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት፤ በዋሽንግተን ዲሲ የሚያስችለው የፌዴራል ፍርድ ቤትም በ2022 የፓርክ አገልግሎቱ ሕጉ የሚጠይቀውን የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ በአግባቡ ሳያደርግ ደንቡን ማውጣቱ ጥፋት መሆኑን ገልጾ፣ ደንቡን ግን ሳይሽር ጉድለቱ እንዲታረም ወደ አገልግሎቱ መለሰው። ፍርድ ቤቱ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ዱካን ይጎዳል አላለም፤ ያለው ሳይመረመር አይፈቀድም ነው።

የአካዲያ ምሳሌ

በሜይን ክፍለ ግዛት የሚገኘው የአካዲያ ብሔራዊ ፓርክ የሠረገላ መንገዶች ጉዳዩን ከቅርብ ለማየት ይረዳሉ። ባለጸጋው ጆን ዲ. ሮክፌለር ታናሹ እነዚህን መንገዶች ከ1913 እስከ 1940 ያሠሯቸው አውቶሞቢል ከማይደርስበት ቦታ በፈረስና በሠረገላ ለመንሸራሸር ነበር፤ በፓርኩ ውስጥ የሚገኘው ክፍላቸው 45 ማይል ወይም 72 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ወርዳቸው 5 ሜትር ገደማ ነው፤ የተሠሩትም በተነባበረ ድንጋይ ሲሆን ውኃ እንዳይተኛባቸው በጥንቃቄ ተበጅተዋል። ከሞተር ለመሸሽ የተሠራ መንገድ ከመቶ ዓመት በኋላ ሞተር ላለው ብስክሌት ይከፈት ወይስ አይከፈት ተብሎ ሲጠየቅ፣ የፓርኩ መልስ 1ኛ ምድብ ብቻ ይግባ፣ የፍጥነት ጣሪያውም በሰዓት 20 ማይል ይሁን የሚል ሆነ።

ውሳኔው በመንፈሱ ከሮክፌለር ዓላማ ጋር ይጋጫል ብለው የሚከራከሩ ቢኖሩም፣ መንገዱ ራሱ ለውሳኔው ይመሰክራል። አምስት ሜትር የሚሰፋ፣ መሠረቱ ድንጋይ የሆነና አርቆ የሚያሳይ መንገድ ላይ እግረኛ፣ ፈረስና ብስክሌት እርስ በርስ ለመተላለፍ ቦታ አላቸው። አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ፣ አንድ ወገኑ ገደል፣ ሌላው ቁጥቋጦ የሆነ የእግር ዱካ ላይ ግን ያው ብስክሌት በዚያው ምድብና በዚያው ፍጥነት ሌላ ዓይነት ዕቃ ይሆናል። ስለዚህ የምድቡ ምልክት ብቻውን የማይመልሰውን ጥያቄ የመንገዱ ወርድ ይመልሰዋል።

የአውሮፓ ልምድ

በአውሮፓ ከአሜሪካ ያነሰ ጭቅጭቅ የታየበት ምክንያት በር ላይ ጥብቅ፣ ከውስጥ ግን ለቀቅ ያለ ሥርዓት በመመረጡ ነው። 25 ኪሎ ሜትር ላይ የሚገታው ዕቃ በሁሉም ረገድ ብስክሌት ስለሆነ፣ ብስክሌት የሚገባበት ሁሉ ይገባል፤ ብስክሌት የሚከለከልበትም ይከለከላል። በጀርመን የባደን ቩርተምበርግ የደን ሕግ ወርዱ ከ2 ሜትር በታች በሆነ የደን መንገድ ላይ ብስክሌት መንዳትን ሲከለክል፣ ብስክሌቱ ሞተር ይኑረው አይኑረው አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መንገዱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ነው። በብሪታንያም እንዲሁ በ1968 የወጣው የገጠር ሕግ ብስክሌትን በፈረስ መንገዶች ላይ ፈቅዶ ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ የመስጠትን ግዴታ ጥሎበታል፤ ዕድሜው 14 ዓመት የሞላው ሰው የሚነዳው 250 ዋት ያለውና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ የሚገታው የኤሌክትሪክ ብስክሌትም በዚሁ መብትና በዚሁ ግዴታ ውስጥ ይገባል።

ፈጣኑ ፔዴሌክ ግን በአውሮፓም መልስ አላገኘም። ጀርመን ከብስክሌት መስመር አስወጥታ ከመኪና ጋር ታሰልፈዋለች፤ ኔዘርላንድ ከ2017 ጀምሮ ቢጫ ሰሌዳና የራስ ቁር ጠይቃ እንደ ትንሽ ሞተር ሳይክል ታስተናግደዋለች፤ ቤልጂየም በአንጻሩ የመኪና ፍጥነት ከ50 ኪሎ ሜትር በሚበልጥበት መንገድ ዳር የብስክሌት መስመር ካለ በዚያ እንዲሄድ ታስገድዳለች፣ ከዚያ በታች ግን ምርጫውን ለነጂው ትተዋለች። የቤልጂየም ደንብ ነጂውን ከመኪና ለመጠበቅ፣ የጀርመኑ እግረኛውንና ዘገምተኛውን ብስክሌተኛ ከነጂው ለመጠበቅ የወጡ ስለሆኑ፣ ሁለቱም በየበኩላቸው ምክንያት አላቸው።

የጉዳቱ ማስረጃ

ተቃዋሚዎች የሚያነሡት የመጀመሪያ ነጥብ የአፈር መሸርሸር ነው። ዓለም አቀፉ የተራራ ብስክሌት ማኅበር በ2015 በምዕራብ ኦሪገን ደን ውስጥ ያካሄደው አነስተኛ የመስክ ጥናት ተራ የተራራ ብስክሌት፣ 1ኛ ምድብ የኤሌክትሪክ ብስክሌትና ሞተር ሳይክል የሚያፈናቅሉትን አፈር አነጻጽሮ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት መካከል ጉልህ ልዩነት እንዳላገኘና ሞተር ሳይክሉ ግን እጅግ የበለጠ እንዳፈናቀለ ገልጿል። ጥናቱ በአንድ ቦታና ለብስክሌት በተሠራ ዱካ ላይ የተደረገ ስለሆነ ለሁሉም አፈር አይሠራም፤ ቢሆንም ክርክሩን ከአፈር ወደ ሰው አዞረው።

በሰው በኩል ዋናው ነገር በቁልቁለት ላይ ያለው ፍጥነት አይደለም፤ ቁልቁለትን ተራ ብስክሌትም በፍጥነት ይወርደዋል። አዲሱ ነገር ዳገት ነው። በተራ ብስክሌት ዳገት የሚወጣ ሰው ከእግረኛ ብዙ ስለማይፈጥን እግረኛው ከታች በሚመጣ ብስክሌት ደንግጦ አያውቅም፤ ሞተር ያገዘው ነጂ ግን ዳገቱን ድምፅ ሳያሰማ በፍጥነት ስለሚወጣ፣ እግረኛውና በተለይም ፈረሱ ሊደነብር ይችላል። ከዚህም የተነሣ ደወል ማሰማትንና ፍጥነት መቀነስን የሚያዙ ደንቦች ከምድብ ደንቦች ይልቅ ለዕለት ተዕለት ሰላም የቀረቡ ናቸው።

ከሁሉ የከበደው ግን የማስፈጸም ችግር ነው። ብዙ ብስክሌቶች በስልክ መተግበሪያ ወይም በአንድ ትንሽ ዕቃ የፍጥነት ገደባቸው ስለሚፈታ፣ በአካላቸው ላይ የተለጠፈው ምልክት ትናንት የነበሩትን እንጂ ዛሬ የሆኑትን አይናገርም። ካሊፎርኒያ በ2024 ያጸደቀቻቸው ሁለት ሕጎች ይህን ክፍተት ለመድፈን የታሰቡ ናቸው፤ አንደኛው 1ኛና 3ኛ ምድብ ከእግረኛ እርምጃ በላይ በሆነ ፍጥነት በሞተር ብቻ እንዳይሄዱ ትርጓሜውን አጠበበ፣ ሁለተኛው ገደብ የሚፈቱ ዕቃዎችን መሸጥ ከለከለ። የሕጎቹ ትልቅ ቁም ነገር ቁጥጥሩን ከዱካው ጠባቂ ትከሻ አንሥተው ወደ ሻጩ መውሰዳቸው ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ የመዳረስ መብት አለ። ጉልበታቸው የተዳከመ አዛውንቶችና ብዙ መራመድ የማይችሉ ሰዎች በዚህ ዕቃ አማካይነት ወደ ተዉት ዱካ ተመልሰዋል። ከ2011 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ማስፈጸሚያ ደንብ፣ አካል ጉዳተኛ ለመንቀሳቀሻነት የሚጠቀምበትን ሞተር ያለው ዕቃ የሕዝብ ተቋማት ከደኅንነትና ከመንገዱ ጠባይ አንጻር እየመዘኑ እንዲያስገቡ ስለሚያዝ፣ ጥርግ ያለ ክልከላ በዚህ ወገን ከሕግ ጋር ይላተማል።

ነጂውን የሚመለከቱ ደንቦች

አንዳንድ አገሮች ከዕቃውና ከመንገዱ ይልቅ በነጂው ላይ አተኩረዋል። በእስራኤል፣ የኤሌክትሪክ ብስክሌት በከተሞች ሲበዛና በእግረኛ መንገድ ላይ አደጋ ሲበረክት፣ ዝቅተኛው የነጂ ዕድሜ በ2016 ወደ 16 ዓመት ከፍ ተደረገ፤ ከ2019 ጀምሮም መንጃ ፈቃድ የሌለው ነጂ የትራፊክ ሕግ ፈተና አልፎ የምስክር ወረቀት እንዲይዝ ተወሰነ። በእግረኛ መንገድ ላይ መንዳት ክልክል ነው፤ የራስ ቁርም ግዴታ ነው። ካሊፎርኒያም ለ3ኛ ምድብ 16 ዓመትና የራስ ቁርን ትጠይቃለች። እነዚህ ደንቦች በዓይን የሚታይ ነገር ስለሚጠይቁ ከዋት ቁጥር ይልቅ ለማስፈጸም ይቀላሉ።

ጥያቄው በአዲስ አበባ

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። አገሪቱ በ2020 ይፋ ያደረገችውና እስከ 2029 የሚዘልቀው ስትራቴጂ ስሙ «ሞተር አልባ ትራንስፖርት» ነው፤ ከ2024 ወዲህ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት የተዘረጉት የብስክሌት መስመሮችም የዚሁ ሐሳብ ፍሬ ናቸው። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማንኛውም ዕቃ በመንገድ ላይ እንዲበዛ ይገፋፋል። ስሙን ቃል በቃል የሚያነብ ሰው የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሞተር ስላለው ከመስመሩ ይውጣ ሊል ይችላል፤ ዓላማውን የሚያነብ ደግሞ ከመኪና ይልቅ ብስክሌት ይሻላልና ይግባ ይላል። ሁለቱም ንባብ በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር የኖረ ነው።

ከዳሰሳው የሚወጣው ድምዳሜ እንደሚከተለው ነው። ዕቃው ምን እንደሆነ መወሰን ያለበት በፋብሪካ፣ በጉምሩክና በሱቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጠባቂም ሆነ ትራፊክ ፖሊስ በዱካ ላይ ዋት ሊቆጥር አይችልም። መንገዱ ለማን እንደሚከፈት መወሰን ያለበት በወርዱ፣ በአፈሩና በተጠቃሚው ብዛት እንጂ በሞተር መኖር አለመኖር አይደለም። ነጂው እንዴት እንደሚነዳ መወሰን ያለበት ደግሞ ሁሉም ሊያየው በሚችል የፍጥነት ጣሪያና የቅድሚያ ሥርዓት ነው። የብስክሌት መስመር ገና በመዘርጋት ላይ ያለባቸው ከተሞች ከሌሎቹ የሚበልጡበት አንድ ነገር ቢኖር፣ እነዚህን ሦስት ውሳኔዎች መስመሩ ከመጨናነቁ በፊት በየቦታቸው ለማስቀመጥ ጊዜ ያላቸው መሆኑ ነው።